ወደ ከሰላው ባንያን ቤት የወሰደን ዳፍንት

ትርንጎን ይዤ ሱዳን ካለው የስደተኞች መጠለያችን የተነሳሁት ለዓይኗ ነው። ልጄ ቀን ቀን እንደማንም ልጅ ታያለች። ውሃ ታቀብላለች፣ ከእኩዮቿ ጋር ትሯሯጣለች። ዶሮ ሲሰፍር ግን እሷም ትሰፍራለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ ትልና እጇን ወደ አየሩ ዘርግታ "እማዬ፣ እጅሽን" ትላለች። ልጆቹ "ዶሮዋ ገባች! ዶሮዋ ገባች!" እያሉ ያሾፉባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። እኔ ግን አልስቅም፤ በጎረቤት ድንኳን ያለ ልጅ እንዲሁ በዳፍንት ጀምሮት፣ ኋላ ዓይኑ ደርቆ፣ አንደኛው ዓይኑ ሲጠፋ አይቻለሁና። አንድ ልጅ እዚህ ስንመጣ መንገድ ላይ ቀብሬያለሁ። የቀረችኝ ትርንጎ ናት።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው መጠለያችን ካለው ክሊኒክ ነው። የክሊኒኩ አስተርጓሚ ትግርኛና ዐረብኛ እንጂ አማርኛ አይሆንለትም፤ እኔ ደግሞ ከሰላምታ ያለፈ ዐረብኛ የለኝም። ስለዚህ አስቀድሜ ሱቅ ያላቸውን ሼህ ኑሩን ጠየቅኳቸው። የመተማ ሰው ናቸው፤ ዐረብኛን የተማሩት ከመጽሐፍ ነው።

"ሼህ ኑሩ፣ ዳፍንት በዐረብኛ ምን ይባላል?"

ጢማቸውን እየጎተቱ አሰቡ። "ዓሻ ይባላል። ዓሻ። አትርሺው።"

እንዳልረሳው በአፌ እያላመጥኩት ሄድኩ። ነርሷ ሲስተር ሙና ሱዳናዊት ናት፤ ፊቷ ደግ ነው። "ቢቲ ዒንዳ ዓሻ" አልኳት፤ ልጄ ዓሻ አላት ማለቴ ነው። ሲስተር ሙና የትርንጎን ዓይን አየችው፤ ቀን ነውና ልጂቱ ጣቷን ተከትላ ቁልጭ ቁልጭ አለች። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጋኝ "አልሐምዱሊላህ!" አለችና ቀጣዩን ጠራች። በሌላ ቀን ተመልሼ ብሄድም ያው "አልሐምዱሊላህ" ሆነ። ልጄ ታመመች ሲሏት አምላኳን የምታመሰግን ነርስ ገጥማኝ አታውቅም!

ሼህ ኑሩ ይህን ስነግራቸው እሳቸውም ገረማቸው። "እንግዲያው ከሰላ ሂጂ" አሉኝ። "አንድ ሽማግሌ ባንያን አሉ።" ባንያን የምንለው የሕንድ ነጋዴን ነው። "ቅመም ይሸጣሉ፤ ግን የአባት የአያታቸውን መድኃኒትም ያውቃሉ። እትዬ ዘሃራ ገዳሪፍ አሉልሽ አይደል? እሳቸው ቤቱን ያውቁታል።"

እትዬ ዘሃራ ጎንደር አዲስ ዓለም የእናቴ ደንበኛ ነበሩ። ባለቤቴ ለማሽላ አጨዳ ወደ ትልልቆቹ እርሻዎች ስለሄደ ምክር የምጠይቀው ሰው አልነበረም። የመውጫ ፈቃዱን ከመጠለያው ቢሮ ለመንኩ፤ ሰጡኝ። ውሃ አፍልቼ በጀሪካን ያዝኩ፣ ጨውና ስኳር በጨርቅ ቋጠርኩ፣ መርፌና ክር ጨመርኩ። ብትጠፋብኝስ ብዬ ደግሞ የትርንጎን ስም፣ የኔን የማዘንጊያንም፣ የመጠለያውንም በቀሚሷ ጫፍ ውስጥ በኩል በክር ጠለፍኩት።

ሎሪ ላይ

ከመጠለያችን እስከ ሸወክ ከተማ ያለው መንገድ፣ መንገድ አይባልም። ሎሪው ባዶ በርሜሎች ጭኖ ስለነበር በየጉድጓዱ እንደ ከበሮ ይደለቅ ጀመር። ትርንጎን በነጠላዬ ከወገቤ ጋር አሰርኳት። አብራን የተሳፈረች አንዲት ትግሬ እናት አይታ "ልጅ ነው ወይስ በርሜል?" ብላ ሳቀችብኝ። "በርሜል ቢወድቅ ይነሳል" አልኳት።

መሬቱ ጥቁር ነው፤ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። የግራር ቅጠል ፍየል የሚደርስበት ድረስ ተላጭቷል። ከመንገዱ ዳር የከብት አጥንት አለ፤ ሱዳኖቹም ዘንድሮ ከኛ ባልተሻለ ሁኔታ ከብታቸውን እየነዱ ውሃ ፍለጋ ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤ ጨፍሯል! ከድንኳን፣ ከውሃ ወረፋና ከራሽን ወረፋ ወጥቼ ነፋስ ፊቴን ሲመታኝ፣ ሾፌሩ በመስኮት ራሱን አውጥቶ ሲዘፍን፣ ልጄ "እማዬ ግመል! እማዬ ሌላ ግመል!" ስትል፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ ሆኜ ነበር የምጓዘው።

ሸወክ ላይ አስፋልቱን አገኘነው። ትርንጎ አይታ አታውቅም። ወርዳ በመዳፏ ዳሰሰችውና "ይሞቃል! ሰው ጋግሮት ነው?" አለች።

ከሸወክ ቀጥታ ወደ ከሰላ መሄድ ይቻል ነበር። ዐረብኛ ሳይኖረኝ፣ ለዚያውም "አልሐምዱሊላህ" ከተባልኩ በኋላ፣ ያለ እትዬ ዘሃራ ማንም ሐኪም ፊት አልቆምም ብዬ ቆርጫለሁ። ስለዚህ በባስ ወደ ግራ፣ ወደ ገዳሪፍ አቀናን። ከተማው ገና ሳይታይ የእህል ጎተራው ታየ፤ ከሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ ነጭ ግንብ ነው። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ በጣታቸው እያሳዩኝ "ዱራ! ዱራ!" አሉኝ፤ ማሽላ ማለታቸው ነው። ቀጥለው እጃቸውን ገልብጠው ባዶ መዳፋቸውን አሳዩኝ። ዐረብኛ ባልችልም ይሄኛው ገባኝ።

ገዳሪፍ፤ የእትዬ ዘሃራ ሳቅ

እትዬ ዘሃራ በገበያው ጫፍ በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ። ሲያዩኝ ሚዛናቸውን ጥለው ተነሱ። "የእናትሽን ፊት ይዘሽ መጣሽብኝ!" ብለው አቀፉኝ። ትርንጎን አገላብጠው ሲስሙ የቀሚሷን ጫፍ አዩት።

"ይሄ ጥልፍ ምንድን ነው?"

"ብትጠፋ ብዬ ነው እትዬ። ስሟና መጠለያዋ ነው።"

"በአማርኛ! ገዳሪፍ ላይ! እና ያገኛት ዐረብ ይዟት ጎንደር ሄዶ ያስነብበው?"

ፉልና ትኩስ ዳቦ አስመጡልን። እየበላን የክሊኒኩን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። "ቢቲ ዒንዳ ዓሻ" ጋ ስደርስ ጉርሻቸው ከአፋቸው ወጣ። ሳቃቸው አላቆም አለ። እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ።

"አንቺ ማዘንጊያ! ዓሻ እኮ እራት ነው!"

"ሼህ ኑሩ ዳፍንት ነው ብለውኛል።"

"በመጽሐፍ ሁለቱም አሉ። በገበያ ግን ማንም ሰው ዓሻ ስትይው የሚሰማው እራት ነው። 'ልጄ እራት አላት' ነው ያልሻት! እሷ ምን ትበልሽ? በዚህ ዘመን፣ በዚያ መጠለያ፣ ደጋግመሽ እየተመላለስሽ ልጄ እራት አላት ስትያት፣ አልሐምዱሊላህ ነዋ!"

ሳቅሁ። ቀጥሎ ከሳቁ ውስጥ ድንጋጤ ወጣ፤ በአንድ ቃል ምክንያት የልጄ ዓይን ያን ያህል ጊዜ ሳይታይ ቆይቷል። እትዬ ዘሃራም ሳቃቸውን ተዉት። "ዳግመኛ ቃል አትፈልጊ። የምታይውን ተናገሪ። 'ማ ቢትሹፍ ቢለይል' በዪ፤ ማታ አታይም ማለት ነው። ይሄን ማንም አይስተውም።"

ሲመሽ በግቢያቸው ጥቁር ምንጣፍ ላይ ለውዝ በተንኩና ትርንጎን "ልቀሚ" አልኳት። ይህን መፈተኛ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ዳፍንቱ መጨመር መቀነሱን በምን ልወቅ ብዬ። መዳፏን በምንጣፉ ላይ እያንሸራተተች ትፈልግ ጀመር። ከጉልበቷ አጠገብ ያለውን ዘላ ሄደች። እትዬ ዘሃራ የቀረውን ለውዝ ለቀሙላት። "ነገ በጠዋቱ ባስ" አሉ ብቻ።

ከሰላ

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የከሰላን ተራራ! ሜዳው እንደ ምጣድ ለጥ ብሎ ይመጣል፣ ይመጣል፤ ድንገት ከመካከሉ ትልልቅ ድንጋዮች፣ ምላጭ እንደነካው ራስ ልሙጥ ሆነው፣ ጎን ለጎን ሰማይ ይነካሉ። ኮረብታ አይሉትም፤ ዳገት የለው፣ ዛፍ የለው። ሰው ለጨዋታ የደረደረው ይመስላል። ባሱ ውስጥ ቆሜ "እዩት! እዩት!" ስል የነበርኩት እኔ ነኝ፤ የከሰላ ሰዎች በየቀኑ ያዩታልና ያዩ የነበሩት እኔን ነው።

የጋሽ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ሆኗል። ቢሆንም በዳርቻው ካሉት ጉድጓዶች የሚጠጡ አትክልቶች ገና አረንጓዴ ናቸው። አንዲት ሴት ብርቱካን ሰንጥቃ ለትርንጎ ሰጠቻት፤ ገንዘብ ስዘረጋላት እጄን መለሰችው። ሰይፍ ያነገቱ፣ ጠጉራቸውን ያጎፈሩ ሰዎች በገበያው ቡና ይጠጣሉ። ትርንጎ ሁሉንም ለማየት አንገቷ ዞረ። "እማዬ፣ እዚህ አገር አይመሽም?" አለችኝ። ምን እንደምፈራ ታውቃለች።

ባንያኑ ቤት

ሽማግሌው ስማቸው ሂራላል ነው፤ ሰው ሁሉ ዓም ሂራላል፣ አጎት ሂራላል እንደማለት፣ ይላቸዋል። ቀጭን ናቸው፤ ነጭ ልብሳቸው ላይ የእርድ ብናኝ አለ። ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር በመርከብ እንደመጡ እትዬ ዘሃራ ነግረውኛል። ዐረብኛቸው የከሰላ ነው። እኔ በአማርኛ፣ እሳቸው በዐረብኛ፣ እትዬ ዘሃራ በመካከል ሆነን ተነጋገርን።

የተዘጋጀሁት ዓይኗን አይተው ጠርሙስ እንዲሰጡኝ ነበር። ዓይኗን አላዩም። ሦስት ጣታቸውን በእጇ አንጓ ላይ አሳርፈው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው መጠየቅ ጀመሩ። የተወለደችው ደጋ ነው ቆላ? ጡት የጣለችው መቼ ነው? አሁን ምን ትበላለች? ወተት ቀምሳ ታውቃለች? ሲመሽ የምትሰናከለው በሩቁ ነገር ነው በቅርቡ? ጨረቃ ሲኖርስ? እንቅልፏስ? ይህን ያህል ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። መለስኩ፣ መለስኩ፤ ስመልስ እኔ ራሴ የማላውቀውን አወቅሁ። ዳፍንቱ የጀመራት ላማችንን ከሸጥን በኋላ ነው። አስቤው አላውቅም ነበር!

"ይህን ሁሉ ለምን ይጠይቁኛል?" አልኳቸው።

"እውቀት በአራት በር ይገባል" አሉ። "አንዱ የታመነ ሰው ቃል ነው። አንዱ በገዛ ዓይንሽ ያየሽው ነው። አንዱ ጭስ አይተሽ እሳት አለ የምትይው ነው፤ እሳቱን ባታይውም። አራተኛው እንደ እርሻ ነው። ዘር ብቻውን ማሽላ አይሆንም፤ ውሃም ብቻውን፣ ማረሻም ብቻውን፣ ወቅትም ብቻውን። ሲገጥሙ ምን እንደሚወልዱ፣ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚቀር ማስተዋል ነው።"

ዝናቡ ስለቀረ አገሬን ለቅቄ የመጣሁ ሰው ነኝና አራተኛው በር ወዲያው ገባኝ።

የከበደኝ አንደኛው ነው። በመጠለያ ሁሉም መካሪ ነው፤ አንዷ ጨው አድርጊባት ትላለች፣ ሌላዋ የአህያ ወተት። "የታመነ ሰው የሚባለው ማን ነው?" አልኩ።

"ቁጣና ስስት የሌለበት። ከቃሉ የሚያተርፈው የሌለ። እንዲህ ያሉ የድሮ ሰዎች ነገሩን ሙሉውን አይተውታል፤ የኛ ሥራ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው።" ከዚያ ሕመሙን ነገሩኝ፤ በዓይን ውስጥ ያለው እሳት ቅባት አጥቶ ደክሟል፤ ቀን የፀሐይ እሳት ያግዘዋል፣ ማታ ብቻውን ይቀራል። መድኃኒቱ? የፍየል ጉበት! በእንፋሎቱ ዓይኗን መታጠን፣ ቀጥሎ ጉበቱን መብላት።

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። "እናቴም ያለችው ይህንኑ ነው! ጉበት፤ ታጥና ትብላ ብላኛለች! እትዬ፣ የጎንደርና የሕንድ አሮጊቶች የት ተገናኙ?"

"የሁሉም ፍየል ጉበት አለው" አሉ እትዬ ዘሃራ።

እናቴን ያላመንኳት አይደለም፤ መጠለያ ውስጥ ጉበት ከየት ይመጣል? ደግሞም የአሮጊት ወግ ነው የሚሉኝ ነበሩ። አሁን ባሕር ማዶ ያለ ሰው ቃሉን ሲደግመው፣ ሙሉ ሰውነቴ ነዘረኝ።

ልጅየዋ ስትመጣ

በዚህ መካከል የሽማግሌው ልጅ ዶክተር ሱሺላ ከሥራ ገባች። ከሰላ ተወልዳ ሕንድ አገር ሐኪምነት ተምራለች፤ ስደተኞችን ታክማለች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "አባዬ፣ ዛሬም በአራቱ በር እያስገባህ ነው?" አለች። የትርንጎን ዓይን በባትሪ አየችው። ከጥቁሩ ጎን፣ ነጩ ላይ፣ የሳሙና አረፋ የመሰለ ትንሽ ነገር አሳየችኝ። እኔ የማጥበው እድፍ መስሎኝ ነበር።

"በጊዜ መጣሽ" አለች። ትንሽ የዘይት ከረጢት የመሰለች እንክብል አውጥታ ጫፏን በመቀስ ቆረጠችና ትርንጎ አፍ ውስጥ ጨመቀችላት። ሁለተኛዋን ለነገ ብላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

"ይሄስ ከምን ይሠራል?" አልኩ።

"ድሮ ከዓሣ ጉበት ነበር የሚወጣው።"

ጉበት! እንደገና ጉበት! እትዬ ዘሃራ ሳይተረጉሙልኝ እጃቸውን አጨበጨቡ።

"ያው ነው" አሉ ዓም ሂራላል ደስ ብሏቸው።

"ያው አይደለም" አለች ልጃቸው። "አንተ ታጠኝም ብዪም ትላለህ። የትኛው ነው የሚያድነው? መታጠኑ ነው መብላቱ? አንዳንዶቹ ይታጠኑ፣ አንዳንዶቹ ይብሉ፤ ያኔ ይለያል። የሚያድነው መብላቱ ነው፤ እንፋሎቱ ዓይን ቢያቃጥል እንጂ። የኛ ትምህርት አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ ተሳስቼ ቢሆን በምን አውቃለሁ?"

ይህ ጥያቄ የኔ ነው! ከጓደኞቼ መካከል ስጋታም እየተባልኩ የኖርኩት በዚህ ጥያቄ ነው። ውሃው ባይፈላስ? ቋጠሮው ቢፈታስ? ለካ ሐኪም የሚያደርግ ጠባይ ኖሯል።

ዓም ሂራላል ግን ጣታቸውን አነሱ። "እሺ። እንፋሎት ብቻ ከሚያገኙት ወገን የምትቆመው የማን ልጅ ናት? የዚህችን ሴት ልጅ ታቆሚያታለሽ?"

"ከባዱ እሱ ነው" አለች ዶክተሯ። "ስለዚህም ነው ከዚህ በፊት የታወቀውን ዳግም የማንጠይቀው።"

"አየሽ! የታመነ ሰው ቃል!"

ሦስታችንም ሳቅን፤ እሷም ሳቀች። የተጣሉት በኩሉ ነው። ሽማግሌው ከመደርደሪያ ትንሽ የመዳብ ዕቃ አወረዱ፤ ውስጡ ጥቁር ኩል አለ። የአባታቸው አሠራር ነው፤ የዓይንን እሳት ይቀሰቅሳል አሉ። ዶክተሯ ትርንጎን ወደ ራሷ ሳበቻት። በኩሉ ውስጥ እርሳስ አለበት፣ የደረቀ ዓይን አይነካም አለች። እሳቸው ጮኹ። እሷም ጮኸች። በራሳቸው ቋንቋ ስለሆነ እትዬ ዘሃራም መተርጎም አልቻሉም። እኔ ልጄን በመካከላቸው አየሁ። ማንን ልመን? አንዱ እንደ እናቴ ጠይቆኛል፤ ሌላዋ እንደ እናት ይዛታለች።

ዓም ሂራላል ድንገት ጩኸታቸውን አቆሙ። የመዳቡን ዕቃ ከፈቱ፣ ዘጉ። መልሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። ወደ እኔ ዞረውም በዐረብኛ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ እትዬ ዘሃራ ተረጎሙልኝ።

"የታመነ ሰው ቁጣ የሌለበት ነው ብዬሻለሁ። አሁን ተቆጥቻለሁ። ስለ ኩሉ ዛሬ የኔን ቃል አትያዢ።"

ልጃቸው አጎንብሳ በአክብሮት እግራቸውን ነካች። እንዲህ ያለ ሽንፈት አይቼ አላውቅም፤ ሽንፈትም አይመስልም ነበር።

የጉበቱ ነገር

ጉበቱ ግን ቀረ? አልቀረም። ሽማግሌው ገበያ ልከው አስገዙ። ነገር ግን ባንያኖቹ ሥጋ አይበሉም፤ በቤታቸውም አይበሰልም። እትዬ ዘሃራ ጎረቤት ሱዳናዊት ግቢ ወስደው ጠበሱት። ሽታው አጥር ተሻግሮ መጣ። ሳህኑ ትርንጎ ፊት ሲቀመጥ እኔ ሌላ ጭንቅ ያዘኝ።

"እትዬ... ያረደው ማን ነው?"

"ማን ይረደው? ከሰላ ላይ ቄስ ፈልጌ ላሳርድልሽ? ቢስሚላህ የተባለበት ነው።"

እኔ ክርስቲያን ነኝ። በአገራችን የእስላም ሥጋ ክርስቲያን አይበላም፣ እነሱም የኛን አይበሉም፤ ጉርብትናው ጉርብትና ነው፣ ሥጋው ሥጋ ነው። መጠለያ ላለው አባ ምን ልል ነው? እትዬ ዘሃራ "ለመድኃኒት ነው" ይላሉ። እኔ "እንክብሉ ይበቃት የለም ወይ?" እላለሁ። ዓም ሂራላል "እኔ አንድም ቀን ሳልቀምሰው ለስንቱ ሰው አዝዤዋለሁ" ይላሉ። አንድ ጉበት ከበን የተቀመጥን፣ ከእትዬ ዘሃራ በቀር ለየምክንያታችን የማንነካው ሰዎች! ዶክተሯ ብቻ ወደ ሳህኑ አየችና "በቃ፣ ተዉት" አለች።

ትርንጎ ጨርሳዋለች። ጣቷን እየላሰች ነበር። "ሌላ አለ?" አለች።

ዶክተሯ ራሷን ያዘች። "አሁን ብትድን ከየትኛው እንደዳነች አይታወቅም! ከእንክብሉ ነው? ከጉበቱ?"

"ዘር፣ ውሃ፣ ማረሻ፣ ወቅት" አሉ አባቷ እጃቸውን እያፋተጉ።

ለኔ ትርንጎ ትዳን እንጂ የቱም ያድናት፣ ብዬ ነበር። ወዲያው ግን የጎረቤቴ ልጅ ትዝ አለኝ፤ ሌሎቹም፣ ሲመሽ በየድንኳኑ ደጃፍ የሚቀመጡት። እዚያ ጉበት የለም። "ለነሱስ የቱን ይዤ ልሂድ?" አልኩ።

"እንክብሉን" አለች ዶክተሯ። "ብቻውን እንደሚያድን በብዙ ልጆች ታይቷል። ይዘሽውም መሄድ አያሻሽም፤ በመጠለያችሁ ክሊኒክ አለ። ለሚጠይቅ ይሰጣሉ።"

እዚያው ኖሯል!

"እኔም የምሰጥሽ አለኝ" አሉ ዓም ሂራላል። "የጠየቅኩሽን ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። የልጇን መሰናከል እናት እንጂ ባትሪ አያየውም።"

መልስ ጉዞ

ባሱ ገዳሪፍ ሲያደርሰን ፀሐይዋ ጠልቃለች። ሁለተኛዋን እንክብል በጠዋቱ አፏ ውስጥ ጨምቄላታለሁ። እትዬ ዘሃራ ጥቁሩን ምንጣፍ አነጠፉ፤ እኔ ለውዙን በተንኩ። ትርንጎ ተንበረከከች። መጀመሪያ እንደልማዷ መዳፏን ዘረጋች። ከዚያ መዳፏን አነሳችና በሁለት ጣቷ አንዱን ለቀመች። ሌላውን ለቀመች። ከጉልበቴ ሥር የገባውን፣ እኔ ራሴ ያላየሁትን፣ "ይኸው እማዬ" ብላ አወጣችው። ቀና ብላ "እትዬ ዘሃራ ለምን ያለቅሳሉ?" አለች። በዚያ ድንግዝግዝ እንባ አየች! እልል አልኩ። ጎረቤት ሰርግ መስሎት ብቅ አለ።

መጠለያችን እንደገባሁ ዕቃዬን ሳላወርድ የጎረቤቴን ልጅና ሌሎቹን አስከትዬ ክሊኒክ ሄድኩ። "ማ ቢትሹፍ ቢለይል" አልኩ፤ ወደ ጎረቤቴ ልጅ፣ ወደ ሌሎቹም እየጠቆምኩ። ሲስተር ሙና ደነገጠች። ከዚያ ወደ ትርንጎ አይታ "ዓሻ?" አለች፤ በእጄ የመብላት ምልክት አሳየሁ፣ "አይደለም" ብዬ ዓይኔን ሸፈንኩ። ግንባሯን በመዳፏ መታች። ሳቀች፣ አቀፈችኝ፣ ካርቶኑን ከፈተች። ዘይት የተሞሉት ትንንሾቹ እንክብሎች እዚያ ነበሩ። የጎረቤቴ ልጅ ሁለተኛ ዓይን ተርፏል።

አሁን አዲስ ሰው ሲገባ ለእናቶቹ ምክር አልሰጥም። እጠይቃለሁ። ልጅሽ ሲመሽ ትሰናከላለች? ምን ላይ? ከመቼ ጀምሮ? ለውዙንም እበትናለሁ። የሰማሁትን በዓይኔ ሳላይ አላምንም፤ ያየሁትንም ተሳስቼ ቢሆንስ ሳልል አልተውም። የመጀመሪያውን ከሽማግሌው፣ ሁለተኛውን ከልጃቸው ይዤ መጣሁ። ሁለቱም አንድ ቤት ያድራሉ፤ እኔም ዘንድ አብረው ያድራሉ።

አንድ ምሽት ትርንጎ ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከምድጃው እስከ ድንኳናችን ያለውን መንገድ ብቻዋን ስትመጣ፣ ሲስተር ሙና ወደ ቤቷ እየሄደች በደጃችን አለፈች። ጨለማው ገና መውደቁ ነበር። ልጆቹ ዶሮዋ ገባች አላሉም። ሲስተር ሙና ቆም ብላ እየሳቀች ጠየቀችኝ፤ "ቢቲክ ዒንዳ ዓሻ?"

ሳህኑን አየሁት፤ ገንፎና ምስር አለበት። ልጄ የገመዱን ካስማ አይታ ተሻገረችው።

"ዒንዳ ዓሻ" አልኳት። "አልሐምዱሊላህ!"